ዛቡ በማን እጅ ነበር? ፈረስ ለሚያስጋልቡና በአደራ ለሚያቆዩ ስለ ሕግና ስለ መድን

ጥያቄ፦ «የግልቢያ ማስተማሪያ አለኝ። ጋጣዬ ውስጥ 11 ፈረሶች አሉ፤ 7ቱ የራሴ ናቸው፣ 4ቱን ግን ባለቤቶቻቸው በየወሩ እየከፈሉ እኔ ዘንድ ያቆዩአቸዋል። ተማሪ ሁሉ ከመጋለቡ በፊት ‹ለሚደርስብኝ ጉዳት ኃላፊው ራሴ ነኝ› ብሎ ይፈርማል። የሦስተኛ ወገን ተጠያቂነት መድንም ገብቻለሁ። ባለፈው ወር አንዲት የ14 ዓመት ተማሪ እየጋለበች ሳለ ፈረሷ ደንብራ ጣለቻት፤ የእጇ አንጓ ተሰበረ። ወረቀቱን የፈረመችላት እናቷ ናት። ቤተሰቡ እስካሁን ምንም አላለም፣ እኔም ለመድን ድርጅቱ አልተናገርኩም። ፊርማውና መድኑ ይበቁኛል ወይ? ፈረሷንስ ማስተማሪያ አድርጌ ልቀጥል?»

ምላሽ፦ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ዛሬውኑ ያድርጉ። የልጅቷን መውደቅ ለመድን ድርጅትዎ በጽሑፍ ያሳውቁ። ቤተሰቡ ዝም ማለቱ ነገሩ አልቋል ማለት አይደለም። የተጠያቂነት መድን ውሎች በአብዛኛው መጥሪያ እስኪደርስዎ እንዲጠብቁ አይፈቅዱም፤ ክስ ሊያስከትል የሚችል አደጋ መድረሱን እንዳወቁ እንዲያሳውቁ ያስገድዳሉ። በብዙ አገሮች ደግሞ ይርጋ፣ ማለትም ክስ የማቅረቢያው የጊዜ ገደብ፣ በልጅ ላይ መቁጠር የሚጀምረው ለአካለ መጠን ከደረሰ በኋላ ነው። ስለዚህ የዛሬዋ የ14 ዓመት ልጅ ጉዳይ ከዓመታት በኋላ ሊነሳ ይችላል፤ ያኔ የመድን ድርጅቱ መጀመሪያ የሚጠይቅዎ «መቼ አወቁ? ለምን አልነገሩንም?» ብሎ ነው። መልስ ካጡ ሲከፍሉ የኖሩት አረቦን ሁሉ ሊያድንዎ አይችልም።

ደብዳቤው አጭር ይሁን። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ የትኛዋ ፈረስ እንደነበረች፣ ማን ሲያስተምር እንደነበር፣ ማን እንዳየ፣ ልጅቷ የራስ ቁር አድርጋ እንደነበርና እንዳልነበር ይጻፉ። ጥፋቱ የእገሌ ነው አይበሉ፤ ካሳ እከፍላለሁ ብለውም ለማንም ቃል አይግቡ፤ ብዙዎቹ ውሎች ያለ መድን ድርጅቱ ፈቃድ የሚገባን ቃል አይቀበሉም። ልጅቷን ግን ሄደው ይጠይቋት። ጠበቃ ዝም በል ስላላቸው ብቻ የተጎዳ ሰው ሳይጠይቁ የሚቀሩ ባለጋጣዎች አጋጥመውኛል፤ በጣም አዝናለሁ፤ ከሰብአዊነቱም ሌላ ለክስ የሚያነሣሣ ነገር ነው። «ይማርሽ» ማለት «ጥፋተኛ ነኝ» ማለት አይደለም።

አሁን ወደ ፊርማው ልምጣ። ያ ወረቀት ሁለት ሥራ አለው፣ ሰው የሚያስበው ግን አንዱን ብቻ ነው፦ የመክሰስ መብትን ማስቀረት። ይህኛው ሥራው ከአገር አገር እጅግ ይለያያል። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1977 ባወጣችው፣ በኋላም በሌላ ሕግ ባጸናችው ደንብ፣ በቸልተኝነት ለደረሰ ሞት ወይም የአካል ጉዳት አንድ ነጋዴ ኃላፊነቱን በውልም በማስታወቂያም ማስቀረት አይችልም። በአሜሪካ ብዙ ግዛቶች ለተራ ቸልተኝነት ፊርማውን ይቀበላሉ፣ ለከባድ ቸልተኝነት ግን በአብዛኛው አይቀበሉም። ወላጅ ለልጁ የሚፈርመው ደግሞ በብዙ ፍርድ ቤቶች ዘንድ ልጁን አያስረውም፤ ለተሰበረው አጥንት ካሳ የመጠየቁ መብት የልጁ እንጂ የእናቱ አይደለምና። የእርስዎ ወረቀት የሚላላው እዚህ ላይ ነው።

ሁለተኛው ሥራው ማስጠንቀቂያና ማስረጃ መሆኑ ነው፤ እኔ የምወደው ይህኛውን ነው፤ የትም አገር ይሠራል። ጋላቢው ምን ዓይነት አደጋ እንዳለ አውቆ እንደገባ ያሳያል፣ የሚያሳየው ግን አደጋው በዝርዝር ከተጻፈ ብቻ ነው። «ፈረስ መጋለብ አደገኛ ሊሆን ይችላል» የሚል አንድ መስመር ምንም አያስረዳም። ይልቁንስ እንዲህ ተብሎ ይጻፍ፦ ፈረስ 500 ኪሎ ግራም ያህል የሚመዝን፣ ሲፈራ መጀመሪያ የሚሮጥ እንስሳ ነው፤ ዓይኖቹ በጎንና ጎን ስለሆኑ ዙሪያውን ከሞላ ጎደል ያያል፣ ከአፍንጫው ሥርና ከጭራው ኋላ ያለውን ግን አያይም፤ በዚያ የመጣ ሰው ሊረገጥ ይችላል፤ በድምፅ፣ በጥላ፣ በሚበር ላስቲክ ሊደነብር ይችላል። ከሥሩ ጥያቄዎች ይኑሩ፦ ከዚህ በፊት ስንት ጊዜ ጋልበዋል? ክብደትዎ ስንት ነው? የሚጥል በሽታ፣ የጀርባ ሕመም አለብዎ? ጋላቢው የሚሰጠው መልስ ለእሱ የሚስማማውን ፈረስ ለመምረጥዎ ማስረጃ ይሆናል።

ይህን የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት እ.ኤ.አ. በ1989 ቀዳሚ ሆና የፈረስ ሥራ ባለቤቶችን የሚጠብቅ ልዩ ሕግ አወጣች፤ ከዚያ ወዲህ አብዛኞቹ ግዛቶች ተከትለዋታል። ሕጎቹ ፈረስ በተፈጥሮው ለሚያመጣው አደጋ ባለቤቱን ከካሳ ነጻ ያደርጋሉ፣ ብዙዎቹ ማስጠንቀቂያው በግልጽ በሰሌዳ እንዲለጠፍ ይጠይቃሉ። ነገር ግን ጥበቃው የማይሠራባቸውን ሁኔታዎች ይመልከቱ፦ ባለቤቱ ጉድለት ያለበት ኮርቻ ወይም ልጓም ከሰጠ፤ የጋላቢውን ችሎታ ሳይመዝን ፈረስ ከሰጠ፤ መሬቱ ላይ የተደበቀ አደጋ እያወቀ ምልክት ካላደረገ፤ የሰውን ደኅንነት ከናቀ። የትም አገር ቢሠሩ እነዚህን አራቱን የጋጣዎ መመርመሪያ ያድርጓቸው። እኔ አንድ ጋጣ ስጎበኝ መጀመሪያ የማየው የኮርቻውን ሆድ ማሰሪያ ነው፤ ገልብጬ በአውራ ጣቴ ስፌቱን እጫነዋለሁ። ክሩ ከተበጣጠሰ ወይም ቆዳው ከዘለበቱ አጠገብ ከተሰነጠቀ፣ ያ ጋጣ ያለው ፊርማ ሁሉ ዋጋው ወርዷል።

ያለ ፊርማ ሕጉ ራሱ ምን ይላል? አገሮች መንገዳቸው ቢለያይም ሁሉም የሚጠይቁት ያንኑ ነው፦ እንስሳው በዚያ ሰዓት በማን እጅ ነበር? የፈረንሳይ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1243 ባለቤቱን፣ ወይም በሚገለገልበት ጊዜ ተገልጋዩን፣ እንስሳው አምልጦ ቢሄድ እንኳ ተጠያቂ ያደርጋል። የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2071ም እንስሳው ከቁጥጥር ውጭ ሆኖ ቢያመልጥ ወይም ጉዳቱ ሊገመት የማይችል ቢሆን እንኳ ባለቤቱን አላፊ ያደርጋል። የጀርመኑ አንቀጽ 833 ለመዝናኛ በሚያዝ እንስሳና ለመተዳደሪያ በሚያዝ እንስሳ መካከል ይለያል፤ ለመተዳደሪያ ከሆነ ባለቤቱ ተገቢውን ጥንቃቄ ማድረጉን ካስረዳ ይድናል። ማስረዳቱ ግን የባለቤቱ ሸክም ነው፣ ያለ መዝገብም አይቻልም።

የእንግሊዙ ደግሞ ባለፈረስ ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ ፍርድ አለው። ፈረሶች ሌሊት አንድ ነገር አስበርግጓቸው አጥር ጥሰው ወጡና አውራ ጎዳና ላይ ከመኪና ጋር ተጋጩ፤ ሾፌሩ ክፉኛ ተጎዳ። ምን እንዳስበረገጋቸው የታወቀ ነገር የለም፣ አጥሩም ጉድለት አልተገኘበትም። ሆኖም በዚያን ጊዜ የአገሪቱ የመጨረሻ ፍርድ ቤት የነበረው የጌቶች ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2003 በ1971ዱ የእንስሳት ሕግ መሠረት ባለቤቶቹ ያለ ጥፋታቸው ተጠያቂ ናቸው ብሎ ወሰነ። እንግዲህ «አጥሬ ጠንካራ ነው» የሚለው መልስ ሁልጊዜ አያድንም፤ መድን የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

መድንዎ ግን ክፍተት አለበት ብዬ እፈራለሁ፤ ክፍተቱ ያለው በ4ቱ የአደራ ፈረሶች ላይ ነው። የተለመደው የሦስተኛ ወገን ተጠያቂነት ውል ውስጥ «የማይሸፈኑ ሁኔታዎች» ከሚለው ሥር አንድ ዓረፍተ ነገር ይፈልጉ፤ «በመድን ገቢው ጥበቃ፣ ይዞታ ወይም ቁጥጥር ሥር ባለ ንብረት ላይ የደረሰ ጉዳት» የሚል። ፈረስ በሕግ ዓይን ንብረት ነው። የደንበኛዎ ፈረስ አምልጦ የሰው መኪና ቢሰብር ውሉ ሊከፍል ይችላል፤ ያው ፈረስ እርስዎ ጋጣ ውስጥ ቢሞት ግን በዚህ ዓረፍተ ነገር ምክንያት አይከፍልም።

አንድ ደንበኛዬ ይህን ያወቀው ዘግይቶ ነው። የመኖ ክፍሉ መዝጊያ መቀርቀሪያው ተሰብሮ ለሳምንት ያህል በገመድ ታስሮ ነበር። አንድ ሌሊት የሌላ ሰው ንብረት የሆነች ባዝራ ገመዱን በጥርሷ ፈታችና ገባች፤ እስኪነጋ ድረስ የደረቀ እህል በላች። ጠዋት ሲያገኟት ላብ አጥምቋት፣ ጎኗን ዞር እያለች እያየች፣ መሬቱን በኮቴዋ ትጭር ነበር። ሁለት ቀን ታከመች፣ አልተረፈችም። አሥር ዓመት ሙሉ አረቦን የከፈለበት የመድን ድርጅት የመለሰለት ደብዳቤ አንድ ገጽ አይሞላም፤ ያንኑ ዓረፍተ ነገር ጠቅሶ «አዝናለሁ» ይላል። የባዝራዋን ዋጋ ከኪሱ ለብዙ ዓመት በየጊዜው ከፈለ። መቀርቀሪያው የአንድ ሰዓት ሥራ ነበር።

የሚፈልጉት ሽፋን ለብቻው የሚገዛ ነው፤ በአደራ ለያዟቸው ፈረሶች የሚሆን የተጠያቂነት ሽፋን። ሲገዙት ሁለት ቁጥሮችን ለይተው ይዩ፦ ለአንድ ፈረስ የሚከፈለው ጣሪያና በአንድ አደጋ የሚከፈለው ጣሪያ። እሳት ቢነሳ 4ቱ በአንድ ሌሊት ሊያልቁ ይችላሉ፤ ያኔ የሚጠቅመው ሁለተኛው ቁጥር ነው። ፈረሶቹን ወደ ውድድር ወይም ወደ ሐኪም በተጎታች የሚያጓጉዙ ከሆነም መንገዱ መሸፈኑን በግልጽ ይጠይቁ።

ሽፋኑ የሚቆመው ደግሞ በአደራ ውሉ ላይ ነው። ከደንበኞችዎ ጋር ያለዎት ስምምነት በቃል ከሆነ በዚህ ወር ወደ ጽሑፍ ያዙሩት። የእያንዳንዱን ፈረስ ዋጋ ባለቤቱ ራሱ ይጻፈው። ፈረሱ ሌሊት የሆድ ቁርጠት ቢይዘው ባለቤቱ ስልክ ካላነሳ ማን ሐኪም ይጠራል? እስከ ስንት ወጪ? ቀዶ ጥገና ይደረግለት ወይስ አይደረግ? ስቃዩ ከበዛ ሕይወቱ በሐኪም እጅ እንዲያልፍ የሚፈቅደው ማን ነው? ፈረሱ በሞት አፋፍ ላይ ሆኖ ሲንደፋደፍ እነዚህን ጥያቄዎች መመለስ ከባድ ነው፤ ወረቀቱ ቀድሞ ይመልስልዎ። ክፍያ ቢቋረጥ ፈረሱን ይዘው የማቆየት መብት እንዳለዎ በውሉ ይግባ፤ በአንዳንድ አገሮች ሕጉ ራሱ ይሰጣል፣ በሌሎች ግን ካልተጻፈ የለም። በገዛ ሥልጣን ወስዶ መሸጥ ግን የትም አገር መዘዝ አለው። የአደራ ፈረስ ለትምህርት የሚጠቀሙ ከሆነ ደግሞ ይህ ለብቻው መጻፍ አለበት፤ ተማሪ በላዩ ላይ ሲቀመጥ ተገልጋዩ እርስዎ ሆኑ ማለት ነውና።

የራስዎ 7 ፈረሶችስ? ለፈረስ ሞት የሚገባ መድን አለ፤ አረቦኑ ከፈረሱ ዋጋ በመቶኛ ይታሰባል፣ ፈረሱ ሲያረጅ ይወደዳል። ሁለት ዓይነት አከፋፈል አለው። በአንዱ ዋጋው ሲዋዋሉ ይቆረጣል፣ ፈረሱ ሲሞት ያው ይከፈላል። በሌላው በሞተበት ዕለት ገበያ ላይ የሚያወጣው ይገመታል፤ በጉልምስናው የገዙት ፈረስ ካረጀ በኋላ በጣም ያነሰ ይደርስዎታል። ብዙ ሰው የሚሰናከለው ግን በዋጋው ሳይሆን በማሳወቁ ነው። እነዚህ ውሎች ፈረሱ ማነከሱን ወይም መታመሙን ወዲያው እንዲናገሩ ያዛሉ፤ ሕይወቱ በሐኪም እጅ እንዲያልፍ ከመደረጉ በፊትም የድርጅቱን ፈቃድ ይፈልጋሉ። ሐኪሙ ስቃዩ ጊዜ አይሰጥም ብሎ በጽሑፍ ካረጋገጠ በስተቀር ያለ ፈቃድ የሞተ ፈረስ ላይከፈልበት ይችላል። የመድን ድርጅቱን የአደጋ ጊዜ ስልክ በጋጣው በር ውስጥ በኩል ይለጥፉት፤ ሌሊት ፋይል መፈለግ የለብዎትም።

ለሕንፃውና ለድርቆሹ የእሳት መድን ሲገቡ ዋጋ አያሳንሱ። ዋጋው 100 የሆነውን ጋጣ በ50 አስገብተው 20 የሚያህል ቢቃጠልብዎ፣ አብዛኞቹ ውሎች የሚከፍሉት 20ውን ሳይሆን 10ን ነው፤ ግማሹን ብቻ ስላስገቡ የጉዳቱንም ግማሽ ራስዎ ይሸከማሉ። ድርቆሽ ደግሞ ሳይደርቅ ከተከመረ ከውስጡ በራሱ ይግላል። ክምሩ መሀል 65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከደረሰ በየቀኑ መለካት፣ 80 ከተጠጋ የእሳት አደጋ ሠራተኞችን መጥራት ይገባል። ቢቻል ፈረስና ድርቆሽ በአንድ ጣሪያ ሥር አይደሩ።

ስለ አስተማሪዎ ምንም አልጻፉም፣ እኔ ግን እጠይቃለሁ፦ ተቀጣሪ ነው ወይስ በሰዓት የሚከፈለው የግል ባለሙያ? እርስዎ «የግል ባለሙያ» ብለው ቢጠሩትም ሰዓቱን የሚወስኑት፣ ፈረሱን የሚሰጡት፣ ተማሪውን የሚመድቡት እርስዎ ከሆኑ ብዙ ፍርድ ቤቶች ተቀጣሪ ነው ይላሉ፤ ሲረገጥ የሥራ ላይ ጉዳት ካሳ ይመጣል። እውነት የግል ባለሙያ ከሆነም የራሱን የሙያ ተጠያቂነት መድን ቅጂ ይቀበሉት። ጋጣ እየጠረጉ በምትኩ የሚጋልቡ ልጆች ካሉዎት ደግሞ ለመድን ድርጅቱ ይናገሩ፤ ሠራተኛ ናቸው ወይስ ተማሪ የሚለው ጥያቄ ከአደጋ በኋላ ሲነሳ መልሱ ማንንም አያስደስትም። በአጠቃላይ የሚሠሩትን ሁሉ ይንገሯቸው፤ ለልደት የሚያስጋልቧቸውን ልጆች፣ አስፋልት የሚያቋርጠውን የሽርሽር መንገድ፣ ውድድሩን። ያልተነገረ ሥራ ያልተሸፈነ ሥራ ነው፣ የተደበቀ ከሆነማ ውሉን ራሱን ሊያፈርሰው ይችላል።

የተጠያቂነት ውልዎን ሲያዩ አንድ ነገር ይጨምሩ። የሚሸፍነው በውሉ ዘመን የደረሰን አደጋ ነው ወይስ በውሉ ዘመን የቀረበን የካሳ ጥያቄ? ሁለተኛው ከሆነና ነገ ድርጅት ቢቀይሩ፣ የዚህች ልጅ ጥያቄ ከ4 ዓመት በኋላ ሲመጣ አሮጌውም አዲሱም «የእኔ አይደለም» ሊሉ ይችላሉ። ከመቀየርዎ በፊት ለኋላ ጥያቄ የሚሆን ተጨማሪ ጊዜ ይግዙ።

ኃላፊነቱ የተወሰነ ማኅበር ማቋቋም ቤትዎን ከንግድ ዕዳ ለመለየት ይጠቅማል። ኮርቻውን ያሰሩት ራስዎ ከሆኑ ግን ለግል ጥፋትዎ በግልዎ ይጠየቃሉ፤ ማኅበሩ ያንን አይጋርድም።

በመጨረሻ ስለ ፈረሷ። ኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 21 ላይ በሬ ሰው ወግቶ ቢገድል ባለቤቱ ንጹሕ ነው ይላል፤ በሬው ተዋጊ መሆኑ ቀድሞ ተነግሮት ሳይጠብቀው ቀርቶ ከሆነ ግን ፍርዱ በባለቤቱም ላይ ይሆናል። የዛሬ ዳኞችም «ያውቅ ነበር ወይ?» ብለው ይጠይቃሉ። ካለፈው ወር ጀምሮ እርስዎ ያውቃሉ። ስለዚህ አሁን ጀማሪ አያስቀምጡባት፤ ደንባራ በቅሎ ቃጭል ተጨምሮባት እንዳይሆን። ሐኪም ጀርባዋን፣ ጥርሷንና ዓይኖቿን ይመርምር፤ ብዙ ድንበራ ከሕመም ወይም ጀርባን ከሚቆረቁር ኮርቻ ይመጣል። ከዚያ አንድ የለመደ ጋላቢ ለጥቂት ሳምንታት በዚያው ሜዳ፣ በዚያው ሰዓት ይጋልባት።

ለእያንዳንዱ ፈረስ አንድ ደብተር ይኑር፣ የእሷን ዛሬ ማታ ይጀምሩ። ልጅቷ የወደቀችበትን ቀን፣ ፈረሷን ያስደነበራትን ነገር፣ የነበረውን ኮርቻ፣ ከዚያ ወዲህ የተደረገውን ምርመራ በየቀኑ ያስገቡ። ወደ ጀማሪዎች የምትመለስ ከሆነ የመጀመሪያዎቹን ትምህርቶች በመሪ ገመድ ትሂድ፤ ገመዱን የያዘው ሰው ስምም በዚያው ገጽ ላይ ይጻፍ።